አባቴ ውሾቹን አላስከትብም አለ፤ ጓሳ አካባቢ ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመሃል ሜዳ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቤተሰቦቼ ያሉት ግን መንዝ ጌራ ምድር፣ ጥብቅ ደጋ በሆነው በጓሳ ሜዳ አፋፍ ላይ ነው። ከአጥራችን ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው ጓሳውን ያየዋል። ጠዋት ጭላዳው ከገደል ወጥቶ ሲንጫጫ ቤት ውስጥ ይሰማል። ቀይ ቀበሮም ለኛ ብርቅ አይደለም። ልጆች ሆነን ከገብሱ ማሳ ዳር አድፍጦ አይጥ ሲጠብቅ እናየው ነበር።

አሁን የቸገረኝ የውሾቻችን ነገር ነው። አባባ ሦስት ውሾች አሉት። ትልቁ ነብሮ ይባላል፤ ጅብ የማይፈራ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረቱን ሲዞር የሚያድር ነው። ሁለተኛው ከወንድሜ ጋር በግ ሲጠብቅ ይውላል። ሦስተኛዋ እርጉዝ ናት። ከገና በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጡ ባለሙያዎች ወደ ቀበሌያችን እንደሚመጡ ተነግሯል። ክፍያ የለውም። አባባ ግን «የኔን ውሻ ማንም አይወጋውም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ለምን ስለው ዝም ብሎ ግትር አልሆነብኝም። ያየውን ነው የሚናገረው። የጎረቤታችን ውሻ ተከትቦ በማግስቱ ተኝቶ ዋለ፤ ማታም አልጮኸም፤ ጅብ ገብቶ በግ ወሰደ። ሌላ ሰው ቤት ደግሞ የተከተበ ውሻ ከሳምንታት በኋላ አብዶ ተገደለ። «ታዲያ ያሳበደው መርፌው አይደለም ወይ?» ይላል። ከሁሉም የከረረው ግን የመጨረሻው ነው። «ይኼ ሁሉ ሽር ጉድ ለቀበሮው ነው። ውሻህን ይዘህ ጓሳ አትግባ ይሉሃል። ውሻህን እሰር ይሉሃል። አሁን ደግሞ ውሻህን እንውጋ ይሉሃል። ለኔ በግ ያሰበ ማን አለ?»

እኔን የሚያስጨንቁኝ የወንድሜ ልጆች ናቸው። ትንሹ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ቆሎውንም ዳቦውንም ከውሾቹ ጋር ነው የሚካፈለው። እጁን ይልሱታል፣ ፊቱን ይልሱታል፣ ማንም ልብ አይለውም።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። ክትባት ውሻን ያደክማል ወይ? የተከተበው ውሻ ለምን አበደ? እርጉዟስ ትከተባለች? ከሁሉም በላይ ግን አባባን ምን ብዬ ላናግረው? በስልክ የሚሆን አይደለም። ለገና ስሄድ እሳት ዳር ተቀምጬ ላወራው አስቤያለሁ።

ባለ ክትባቱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ውሻ ስከትብ ዓመታት አልፈዋል። አባትሽ የተናገሩትን ሁሉ በየመንደሩ ሰምቼዋለሁ። አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ። አባትሽ በዓይናቸው ያዩት ነገር ሐሰት አይደለም። ውሻው ተኝቶ ውሏል፤ ሌላውም ውሻ አብዷል። ልዩነታችን የምክንያቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «አባባ አታውቅም» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ያን ካልሽ ወሬው እዚያው ያልቃል።

የተከተበ ውሻ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊደክመው ይችላል። መርፌው የገባበት ቦታ ያመዋል። ትንሽ ያተኩሰዋል። ምግብ ሊቀንስም ይችላል። ሕፃን ልጅ በተከተበ ሌሊት እንደሚነጫነጨው ነው። ከዚያ ይነሳል። ጉልበቱም፣ ጩኸቱም፣ ቁጣውም እንደ ድሮው ይሆናል። ስለዚህ ሦስቱም ውሾች በሚከተቡበት ሌሊት በረቱን በእሾህ ጠበቅ አድርገው ይዝጉ። ከወንድሞችሽ አንዱም በረቱ አጠገብ ይደር። ይህን ባለሙያው ራሱ ቀድሞ መናገር አለበት። ካልተናገረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ውሻውን ገደል ሥር ደብቆ ነው የሚጠብቀው፤ አይፈረድበትም።

ወደ አበደው ውሻ እንምጣ። ውሻ በእብድ ውሻ የተነከሰ ዕለት አያብድም። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት። በዚያ መሃል ውሻው ደህና ነው። ይበላል፣ ይጮኻል፣ በግ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ውሻ ብንወጋው ክትባቱ አይደርስለትም። ጊዜው ሲደርስ ያብዳል፤ ሰውም መርፌውን ይከሳል። እኔ የምወጋው ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ ግን የተገደለ ነው። የሞተ ቫይረስ ውሻ አያሳብድም። እንዲያውም የዚያ ውሻ ማበድ ሌላ ነገር ነው የሚነግረን፤ በሽታው ቀድሞውንም እዚያው ሰፈር ገብቶ ነበር ማለት ነው። አባትሽን በዚህ በኩል ብታናግሪያቸው ይሻላል። «ያ ውሻ ከማበዱ በፊት ከነማን ጋር ሲናከስ ነበር? ነብሮስ አብሮት አልዋለም?» በያቸው።

እርጉዟ ትከተባለች። የዓለም ጤና ድርጅትም በዘመቻ ክትባት እርጉዝ፣ የምታጠባ ወይም ቡችላ ነው ተብሎ የሚተው ውሻ እንዳይኖር ይመክራል። ሦስት ወር ሳይሞላው የተከተበ ቡችላ ግን ከፍ ሲል ይደገምለታል። እርጉዟን የሚይዛት ሰው ሆዷን እንዳይጫናት ብቻ ተጠንቀቁ።

አሁን የኔን እንቅልፍ የሚነሳኝን ልንገርሽ። ያ የአምስት ዓመት ልጅ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100ው 99ኙ የሚመጣው ከውሻ ነው። የግድ መንከስም የለበትም። ለሀጩ የተጫረ ቆዳ፣ ዓይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ ይበቃል። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ደግሞ ያ እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ የሚናከሰውን ውሻ ነው። በሽታው ግን ሌላም መልክ አለው። ውሻው ዝም ይላል። ጥግ ይፈልጋል። መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ጌታው አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ይመስለውና እጁን ከትቶ ሊያወጣለት ይሞክራል። በሬ ሲይዘውም እንዲሁ ነው፤ ያንቀዋል፣ ያጓራል፣ ለሀጩ ይወርዳል፤ ገበሬውም አፉን ከፍቶ ያየዋል። እባክሽ ይህን አንድ ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሪልኝ። አጥንት የቀረበት የሚመስል ውሻ ወይም በሬ አፍ ውስጥ ማንም እጁን አይክተት።

ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉ ወዲያው፣ እዚያው፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው ይኸው ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠበል አይሂድ አልልም፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ክትባቱን ከጀመረ በኋላ ይሂድ። በመጠበቅ የሚባክነው ቀን አይመለስም። ውሻው ከታወቀ አስሮ ለ10 ቀን ማየት ነው፤ መግደል አይደለም። ከገደላችሁት መታመም አለመታመሙን በምን ታውቃላችሁ?

ለአባትሽ ስለ ቀበሮው ባታነሺባቸው ይሻላል ባይ ነኝ። የልጅ ልጃቸውን ስም ጥሪላቸው። በሬአቸውን ጥሪላቸው። ክትባቱ በመጀመሪያ ለነሱ ነው። ቀበሮው የሚድነው በዚያው ነው።

ባለ በጉ

እኔ አባትሽን እደግፋለሁ። ክትባቱ ለልጆች ከሆነ እሺ፣ ደግ ነው። ግን ቀበሮ ቀበሮ ሲባል የምንሰማው እኛ ነን። ባለፈው በልግ ግልገሌን በልቶብኛል። ለዚያ ማንም «እግዜር ያጥናህ» ያለኝ የለም። ከተማ ያለ ሰው ፎቶውን ስላየ ይወደዋል። እኛ አብረነው ነው የምናድረው።

የዲንሾ ልጅ

ወንድሜ ባለ በጉ፣ የግልገልህ ነገር ያሳዝናል። ቀላል ነገር ነው አልልህም። እኔ ያደግሁት ባሌ ዲንሾ ነው፣ ቀይ ቀበሮ በብዛት ያለበት አገር። በጉ ላይ ሌላ ሰው ይመልስልህ። እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር።

ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ለብቻው ነው። ስለዚህ ሰው ብቸኛ አውሬ ይመስለዋል። የሚኖረው ግን በቤተሰብ ነው። ማለዳ ሁሉም ይሰበሰባሉ። አፍ ለአፍ ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። እንዲህ በመዋደዳቸው ነው የሚያልቁት። አንዱን ያበደ ውሻ ከነከሰው በሽታው ለቤተሰቡ በሙሉ ይደርሳል። ወሰን ላይ ከጎረቤት ቀበሮዎች ጋር ሲጋጠሙ ደግሞ ወደዚያ ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 እኛው ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከሦስቱ ሁለት እጅ በላይ አለቁ። ከዚያ በፊት በ1991 ሆኗል። በ2008 እና በ2014 ተደገመ። በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ገባ። ሬሳቸው ጅብራው ሥር፣ ወንዙ ዳር ወድቆ ይገኝ ነበር። በእረኝነት ያደገ ሰው ያን ማየት አይፈልግም።

መልሰው ለመብዛት ደግሞ ጊዜ ይወስድባቸዋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ እሷም በዓመት አንዴ። ሌሎቹ ቡችሎቿን ያሳድጉላታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም እኛው አገር ናቸው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ቀሪዎቹ አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ወሎ ደጋና እናንተው መንዝ ናቸው። ጓሳ ያሉት በጥቂት አሥሮች ነው የሚቆጠሩት። ባሌ ላይ በሽታ ሲገባ አንዱ ሸለቆ ቢያልቅ ከሌላው ሸለቆ የሚመጣ አለ። ጓሳ ግን ዙሪያውን እርሻ ነው። እዚያ ካለቀ ከየትም አይመጣም። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ጠፍቷል። ሩቅ ሳትሄዱ እዚያው ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳም ነበር፤ ጠፍቷል።

ባሌ ላይ ከውሻ ክትባቱ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቀበሮው ራሱ በሚበላ መልክ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይጣልለታል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን በሽታው የሚኖረው ውሻው ላይ ነው። ውሻው ካልተከተበ ቀበሮው ላይ ያለው ሥራ ማለቂያ የለውም።

የአስቦ ወገን

ልጄ የመሃል ሜዳ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬ የገፋ የመንዝ ሰው ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

ልጄ ባለ ክትባቱ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው። አንዱን ግን አልቀበለውም። «ስለ ቀበሮው አታንሺባቸው» ያለውን። አባትሽ ቀበሮውን ራሳቸው አንስተዋል። ለተነሳ ነገር መልስ ነው የሚያስፈልገው፤ ዝም ካልሽ የምትደብቂያቸው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። መንዜ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አይወድም።

እንዲህ በያቸው። ጓሳን እስከ ዛሬ ያቆየው ማነው? ፈረንጅ አይደለም። መንግሥትም አይደለም። አባቶቻችን አስቦና ጌራ መሬቱን ሲይዙ ወሰኑን በፈረስ ግልቢያ ለዩት ይባላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖረ። ሕዝቡ አባ ቄራ ብሎ ይሾማል። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሳሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲከፋ ተመክሮበት ይከፈታል። ቤታችንን የምንከድነው በጓሳ ሣር ነው። ገመዱ ከሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ እረኛው የሚደርበው ገሳ ከሱ ነው። ማገዶው ጨረንፌ ከዚያው ነው። ያን ያወቀ ሰው ጓሳን እንደ ሌላ ሰው ንብረት አያየውም።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ባለቤት የሌለው መስሎት ሁሉም ገባበት። ሣሩም ጨረንፌውም ተመናመነ። ሕዝቡ እንደገና ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ አቁሞ፣ ቆይቶም ምክር ቤት አቋቁሞ ያዘው። በኋላም በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ሲያኖር ማየት የትም የሚገኝ ነገር አይደለም። አባትሽ የዚህ ባለቤት ናቸው። ውሻዎን ያስከትቡ ሲባሉ የሌላ ሰው ቀበሮ ጠብቁ እየተባሉ አይደለም። የራሳቸው ነው።

ውሻ ይዘህ አትግባ የተባለው ደግሞ እንዲሁ ሰውን ለማስቸገር አይደለም። እኔ በዓይኔ የማየውን ልንገርሽ። ቀበሮ ጭላዳ መሃል ገብቶ ይውላል። ጭላዳው ሣሩን ይግጣል፤ ቀበሮው እዚያው መሃል አይጥ ያድናል። አንዱ አንዱን አይነካም። ጓሳ ላይ ጥናት ያደረጉ ሰዎችም ቆጥረውታል። ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሲሆን ከሞከረው 67 በመቶ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ ነው። ውሻ ብቅ ካለ ግን ጭላዳው በሙሉ ወደ ገደል ይነቀላል። ቀበሮውም ያን ቀን ባዶ ሆዱን ይውላል።

አንተም ልጄ ባለ በጉ፣ ቀበሮ ግልገል አይነካም አልልህም። አልፎ አልፎ ይነካል። ግን ጓሳ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ አብዛኛው ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ገብስህን የሚጨርሰውን አይጥ ማለት ነው። ግልገል የለመደው ብዙ ጊዜ ያኛው ተራው ቀበሮ ነው። በሩቅ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ሁለቱም ጭራ ብቻ ነው የሚታየው። ቀዩ እግሩ ረዥም ነው፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። ሌላ ጊዜ በደንብ እየው።

ልጄ፣ የአባትሽ ቁጣ ግን እውነት አለበት። «ለኔ በግ ያሰበ ማን አለ?» ያሉት ይገባኛል። ሰው ሕግ ሲወጣበት ሳይሆን ሕግ ሲያወጣ ነው የሚጠብቀው። ለክትባቱ ባለሙያ ሲመጣ አባትሽ ውሻ ይዘው ተሰልፈው የሚቆሙ ብቻ አይሁኑ። ቀድመው የቀበሌው ስብሰባ ላይ ይነሱና የጅቡን ነገር ይናገሩ። ክትባቱ የሁሉም ውሻ በአንድ ቀን ከሆነ በዚያ ሌሊት ሰፈሩ ተራ ገብቶ ይጠብቅ ይበሉ። ያን ያሉ ሰው ውሻቸውን አይደብቁም።

ባለ በጉ

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። በጌን የበላው የትኛው እንደሆነ እንግዲህ ጭጋግ ነበር፣ አልምልም። የጎሽ ሜዳውን ግን አልሰማሁም ነበር። ውሻዬን አስከትባለሁ። የበጉ ነገር ግን እንዳይረሳ። ጥበቃ የሚባለው ነገር ባለ በጉንም ካልጨመረ ጎደሎ ነው።

የመሃል ሜዳ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አባቴ የአስቦ ወገን፣ የጻፉትን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። የአባባ አባት ጓሳ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አባባም ያን ሲያወራ ፊቱ ይበራል። በዚያ በኩል ነው የምገባው። የልጁን ነገር ደግሞ እናቴ ባለችበት ነው የማነሳው፤ እሷ ከሰማች ነገሩ ያለቀለት ነው።

ባለ ክትባቱ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነብሮ እንግዳ አያስጠጋም። አባባ እሺ ቢል እንኳ ማን ይይዘዋል? ባለሙያውን ቢነክስስ? ደግሞ በየዓመቱ ነው ወይ?

ባለ ክትባቱ

አባታችን የአስቦ ወገን፣ እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎ ካሉማ ስለ ቀበሮውም ይነገር። የተራ ጥበቃውን ሐሳብም ወደ ሥራዬ እወስደዋለሁ።

እህቴ፣ ነብሮን የሚይዙት አባትሽ ራሳቸው ናቸው። ሌላ ሰው አይሞክር። ሌሊቱን በረት ሲዞር አድሮ ሲነጋ ገና ከግቢ ሳይወጣ ይታሰር። ጠዋት ብዙ አታብሉት። ጠንካራ ገመድ አንገቱ ላይ፤ አፉን ደግሞ በጨርቅ መቀነት አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አዙሮ ከጆሮው ኋላ ማሰር ነው። አባትሽ ራሱን በክንዳቸው እቅፍ አድርገው ጭናቸው ላይ ያጣብቁታል። መርፌው ከአንገቱ ኋላ ከቆዳው ሥር ነው የሚገባው። ከማሰሩ መወጋቱ ይፈጥናል። ሦስቱን ውሾች አንድ ላይ አታምጡ፤ ተራ በተራ፣ አራርቃችሁ። ውሻ የበዛበት ሰልፍ ላይ ነው ሰው የሚነከሰው። ልጆች ከዚያ አካባቢ ይራቁ፤ ለማየት እንደሚሰበሰቡ አውቃለሁ፣ ግን ይራቁ።

ክትባቱ ከበረዶ ሳጥን ውስጥ መውጣቱንም እዩ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ሊበላሽ ይችላል። ባለሙያውን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ከወጋ በኋላ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ውሻውንም በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ወረቀቱን እናትሽ የቤት ዶክመንት ከሚያስቀምጡበት ያኑሩት። ልጅ ቢነከስ ጤና ጣቢያ የሚጠየቀው ያ ነው።

አዎ፣ በየዓመቱ ነው። ቡችሎቹም ሲደርሱ ይጨመራሉ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ውሻ ያጣና ይቆማል። ከዚያ በታች ከሆነ የአባትሽ ሦስት ውሾች ብቻቸውን ተከትበው ሰፈሩ ውስጥ በሽታው ይዞራል። ስለዚህ ለገና ስትሄጂ ከአባትሽ ጋር ብቻ አታውሪ። ያንን ጅብ በግ የወሰደበትን ጎረቤታችሁን ቤቱ ድረስ ሄደሽ አናግሪው። የውሻው ድካም የአንድ ሁለት ቀን እንደነበር ከሱ አፍ አባትሽ ይስሙት። ውሻው ዛሬም አለ አይደል? ይጮኻል አይደል? ይህን እዚሁ ጻፊልኝ።